ዚንክና ማንጋኒዝ፦ ስለሚሞሉ ባትሪዎች ከጎጃም አንባቢያን የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ዓምድ ስለዚንክና ማንጋኒዝ ባትሪዎች የተላኩልንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልስ ሰጥተንባቸዋል። የጠያቂዎችን ስም ትተን ከተማቸውንና ሥራቸውን ብቻ ጠቅሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቡሬ፣ ባለሱቅ

*ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የምንሸጠው ድንጋይ ሲደክም ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እውነትም ትንሽ ይነቃል። ታዲያ በስልክ ቻርጀር ብንሞላው ምን ችግር አለው? አልካላይን የተባለውስ ይሞላል?*

ፀሐይ ድንጋዩን አትሞላውም። ሲሞቅ በውስጡ ያለው እርጥብ ሊጥ አዮን በቀላሉ ያስተላልፋል። ከሥራ ሲያርፍ ደግሞ በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይዱ ቅንጣት ገጽ ላይ የተጨናነቀው ፕሮቶን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቮልቴጁ ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የቀረውን ጥቂት ጉልበት አሟጦ መጠቀም ይቻላል እንጂ የተጨመረ ነገር የለም።

በስልክ ቻርጀር መሙላቱን ይተዉት። በርካሹ ድንጋይ ዚንኩ ራሱ ቆርቆሮው ነው፤ ሲሠራ እየተበላ ይሳሳል። ኃይል ቢመልሱለት ዚንኩ በተበላበት ቦታ እኩል አይለጠፍም፤ እሾህ እያወጣ ያድግና በመካከል ያለውን ወረቀት ይወጋል። በዚያ ላይ ቻርጀሩ 5 ቮልት ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ 1.5። ትርፉ ቮልቴጅ ውሃውን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩ ያብጣል፣ ያፈስሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። የፈሰሰው የሬዲዮውን የብረት መያዣ ይበላዋል።

የአልካላይኑ አሠራር ሌላ ነው፦ ቆርቆሮው ብረት ሲሆን ማንጋኒዙ በዳር፣ የዚንክ ዱቄቱ በመካከል፣ ፈሳሹ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከዚህ ዓይነት እንዲሞላ ተደርጎ የተሠራ አለ፤ የባትሪ ተመራማሪው ካርል ኮርደሽ ብዙ የደከመበት ሲሆን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ውሏል። እሱም ቢሆን ሁለት ወሰን አለው። ሲሞላ ከ1.65 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ማንጋኒዙ ወደሚሟሟ ማንጋኔት ይለወጣል። በአገልግሎት ላይ ደግሞ ከ0.9 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ሃውስማናይትና ሄቴሮላይት የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፣ እነሱን መልሶ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሩብ ያህሉን ተጠቅሞ ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ሰው ብዙ ዙር ያገኝበታል፤ እስኪሞት የሚጠቀም ሰው ግን ጥቂት አሥር ዙር ሳይሞላው ይደክምበታል። እንደሚሞላ ያልተጻፈበትን ተራ አልካላይን አይሞክሩት። ደንበኛዎ የሚሞላ ድንጋይ ከፈለገ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የተባለውን 1.2 ቮልት ከራሱ ቻርጀር ጋር ይሽጡለት።

ከባሕር ዳር፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

*አልፋ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድን ካቶድ (አዎንታዊ ጫፍ)፣ ዚንክ ፎይልን አኖድ (አሉታዊ ጫፍ)፣ 2 ሞላር ዚንክ ሰልፌትን ኤሌክትሮላይት (አዮን አስተላላፊ ፈሳሽ) አድርጌ በሳንቲም ቅርጽ ሴል እሠራለሁ። መጀመሪያ በግራም 240 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ አገኛለሁ፤ 60ኛው ዙር ላይ ከግማሽ በታች ይወርዳል። 0.1 ሞላር ማንጋኒዝ ሰልፌት ስጨምርበት መውረዱ ቀርቶ ከ330 በላይ ወጣ። አሻሻልኩት ማለት እችላለሁ?*

ገና ነው። ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በአንድ ኤሌክትሮን ሊሰጥ የሚችለው በግራም 308 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። 330 ካዩ ወይ ሁለተኛው ኤሌክትሮን መጥቷል፣ ወይ ደግሞ እርስዎ ካልመዘኑት ቦታ የመጣ ማንጋኒዝ አለ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አለበት።

መጀመሪያ ለምን እንደወረደ እንይ። ዚንክ ሰልፌትን ከማንጋኒዝ ጋር አስማምቶ የሚሞላ ባትሪ የመሥራት ሐሳብ በ1986 በጃፓን በያማሞቶና ሾጂ ቀርቧል፤ በሰፊው የተነቃቃው ግን ከ2012 ወዲህ ነው። ያን ጊዜ የሚታሰበው ዚንክ አዮን ወደ ማንጋኒዙ ጉድጓዶች ገብቶ እንደሚወጣ ነበር። አሁን ጎልቶ የሚታየው የፕሮቶን ሥራ ነው። ሲያራግፍ ካቶዱ ፕሮቶን ከውሃው ይወስዳል፣ በአጠገቡ ያለው ፈሳሽ ፒኤች ከፍ ይላል፣ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅጠል መሰል ክሪስታል በካቶዱ ላይ ይቀመጣል። በዚሁ ጊዜ ባለ ሦስት ቻርጅ የሆነው ማንጋኒዝ ጥንድ ጥንድ እየሆነ አንዱ ወደ አራት፣ ሌላው ወደ ሁለት ይለወጣል፤ ባለ ሁለቱ በውሃ ይሟሟል። 60 ዙር ላይ የጠፋብዎት ዱቄት ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ነው ያለው።

ማንጋኒዝ ሰልፌት ቀድሞ ካለበት ይህ መሟሟት ይቀንሳል። በ2016 በኔቸር ኢነርጂ መጽሔት የወጣው ሥራ 2 ሞላር ዚንክ ሰልፌትና 0.1 ሞላር ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጠቅሞ ከ5000 ዙር በኋላ 92 በመቶ መያዙን ካሳየ ወዲህ ቅልቅሉ የሁሉም መነሻ ሆኗል። ነገር ግን ሲሞላ ያው ማንጋኒዝ ከፈሳሹ ወጥቶ ካቶዱ ላይ አዲስ ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይለጠፋል። እናስላው። በሴልዎ ውስጥ 100 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ካለ በውስጡ 10 ማይክሮ ሞል ማንጋኒዝ አለ። እያንዳንዱ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፦ 10 ማይክሮ ሞል በ2፣ በ96485 ሲባዛ 1.93 ኩሎምብ፣ ማለት 0.54 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይሆናል። ካቶድዎ ላይ 1 ሚሊ ግራም ዱቄት ካለ በአንድ ኤሌክትሮን የሚሰጠው 0.31 ብቻ ነው። ፈሳሹ ከዱቄቱ የበለጠ መያዝ ይችላል ማለት ነው! ካፓሲቲውን (ሴሉ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ መጠን) ለ1 ሚሊ ግራሙ ብቻ አካፍሎ መጻፍ ለካቶዱ የእሱ ያልሆነውን መስጠት ነው።

ለመለየት ይህን ያድርጉ። ካርቦንና ማጣበቂያ ብቻ የተቀባ፣ ማንጋኒዝ የሌለው ኤሌክትሮድ ይሥሩና በዚያው ፈሳሽ፣ በዚያው የ1.0 እስከ 1.8 ቮልት ወሰን 20 ዙር ያዙሩት። ባዶው ኤሌክትሮድ ዙር በዙር ካፓሲቲ እያበቀለ ከሄደ ከፈሳሹ የሚመጣውን ልኩን አገኙት። ከዚያ የተዞረውን ሴል ከፍተው ፈሳሹን በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ አጥበው ያወጡና የማንጋኒዙን መጠን በአቶሚክ አብዞርፕሽን ያስለኩ። በጽሑፍዎ ላይ የካቶዱን ክብደት በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የፈሳሹን መጠንና የዚንኩን ውፍረት ሳያጎድሉ ያስቀምጡ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሌሉበትን የካፓሲቲ ወሬ እኛ ከቁም ነገር አንቆጥረውም።

ሁለተኛው ማታለያ ፍጥነት ነው። በግራም 3 አምፔር ሲያዞሩ በግራም 150 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚሰጥ ሴል በ6 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ 1000 ዙር በአራት ቀን ገደማ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንጋኒዙ ለመሟሟት ፋታ አያገኝም። አንዱን ዙር በ10 ሰዓት የሚጨርስ ዝግተኛ ሙከራ ግን ለ100 ዙር ብቻ 1000 ሰዓት፣ ወደ 42 ቀን ይፈልጋል፤ የኤሌክትሮላይቱ ጉድለት የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። በእኛ አገር ደግሞ በ42 ቀን ውስጥ መብራት አይጠፋም ማለት ዘበት ነው። ሴሉ ተሞልቶ ሳለ ከቆመ ዚንኩ በዝግታ ይበላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዙር ዝቅ ብሎ ይታያል። የተቋረጠበትን ዙር ምልክት ያድርጉበት፣ ከግራፉ ግን አይሰርዙት።

ኤሌክትሮላይቱን ሲያዘጋጁ የጨውን ውሃ አይርሱ። ለ100 ሚሊ ሊትር፣ ለ2 ሞላር፣ ባለ ሰባት ውሃ ዚንክ ሰልፌት 57.5 ግራም፣ ባለ አንድ ውሃ ማንጋኒዝ ሰልፌት ደግሞ ለ0.1 ሞላር 1.69 ግራም ይመዝኑ። በ70 ሚሊ ሊትር ገደማ የተጣራ ውሃ ያሟሙና በመለኪያ ብልቃጥ 100 ላይ ያድርሱት፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጨው መጨመር አንድ አይደለም። ውሃ አልባውን ክብደት አስበው ከባለ ሰባት ውሃው 32.3 ግራም የመዘነ ሰው ያገኘው 2 ሳይሆን 1.12 ሞላር ነው። የጨው ዕቃው ለረጅም ጊዜ ክፍት ከቆየ ጨው ውሃውን ስለሚያጣ በኢዲቲኤ ቲትሬሽን አንዴ ያረጋግጡ። የእርሻ ደረጃ ዚንክ ሰልፌት አይጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ብረትና ሌላ ሜታል ዚንኩ ላይ ተለጥፎ ሃይድሮጅን ያስወጣል።

ኤሌክትሮዱን 7 እጅ ዱቄት፣ 2 እጅ ካርቦን ብላክ፣ 1 እጅ ማጣበቂያ አድርገው ይቀቡ። ማጣበቂያው ፒቪዲኤፍ ከሆነ ውሃ ይገፋልና ሴሉን ዘግተው ፈሳሹ እንዲሰርግ ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ቸኩለው ቢጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዝቅ ብለው ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ ያንን ብዙ ሰው «ካቶዱ ነቃ» እያለ ይጽፈዋል። የመዳብ ፎይል በካቶድ በኩል አይሆንም። ዚንክ ከሃይድሮጅን በ0.76 ቮልት ዝቅ ይላል፤ ካቶዱ ከዚንክ 1.4 ቮልት ከፍ ሲል ከሃይድሮጅን 0.64 ይበልጣል፣ መዳብ ደግሞ ገና ከ0.34 ጀምሮ ይሟሟል። ቲታኒየም ወይም የግራፋይት ወረቀት ይጠቀሙ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የላቦራቶሪ ረዳት

*ዚንክ ከዚንክ ጋር ፊት ለፊት አድርገን ስንፈትሽ ቮልቴጁ ለሳምንታት ጥሩ ይሆንና አንድ ቀን በድንገት ዝቅ ብሎ ይረጋጋል። ተማሪዎቹ ተሻሻለ ይላሉ። አንዳንዱ ሴል ደግሞ ያብጣል።*

አልተሻሻለም፤ ተገናኝቷል። የዚንኩ እሾህ በሁለቱ መካከል ያለውን የመስታወት ቃጫ ሴፓሬተር (መለያያ) አልፎ ሌላኛውን ጎን ነክቷል። ሙሉ በሙሉ ዜሮ ካልሆነ ግንኙነቱ ቀጭን ነው፣ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለውን መቋቋም) ይለኩ፦ በግራፉ ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ክብ ጠፍቶ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ሰዓት ሁሉ ከመዝገቡ ያውጡ።

ማበጡ ከሃይድሮጅን ነው። የ2 ሞላር ዚንክ ሰልፌት ፒኤች 4 ገደማ ስለሆነ ዚንኩ ከውሃው ጋር ሳያቋርጥ ይሠራል። ዚንኩ ከማይዝግ ብረቱ ክዳን ጋር በፈሳሽ ውስጥ ሲነካካ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሃይድሮጅን ከዚንክ ይልቅ በብረት ላይ በቀላሉ ይወጣል። ሴፓሬተሩን ከዚንኩ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ ፈሳሹን በልክ ማድረግ፣ ፎይሉን በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በኤታኖል አጥቦ ወዲያው መጠቀም ያግዛል። ናይትሮጅን ካላችሁ ለግማሽ ሰዓት በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጉ፤ የሟሟ ኦክስጅን ዚንክ ይበላል።

አሁን ወደ ውፍረቱ። 100 ማይክሮ ሜትር ፎይል በካሬ ሴንቲ ሜትር 71 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በግራም 820 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲባዛ 58 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይመጣል። በየዙሩ 0.5 ብቻ ካንቀሳቀሳችሁ ከመቶ አንድ እጅ አልነካችሁም፤ ዚንኩ ቢበላ ቢበላ መጠባበቂያ አለውና አይታወቅም። ገበያ የሚወጣ ባትሪ ይህን ሁሉ ዚንክ ተሸክሞ አይዞርም። 10 ማይክሮ ሜትር ላይ ሞክሩት።

ሌላው መፈተኛ ኩሎምቢክ ኢፊሸንሲ ነው። ዚንክን በመዳብ ፎይል ላይ ለጥፋችሁ መልሳችሁ አንሱትና የተመለሰውን ለተለጠፈው አካፍሉ። 99.5 በመቶ ሲባል ጥሩ ይመስላል፤ ግን በየዙሩ ግማሽ በመቶ ከጠፋ ከ100 ዙር በኋላ የቀረው 61 በመቶ ነው። 99.9 ላይ 90 ይቀራል። ለኤሌክትሮላይት ተጨማሪ ስትመርጡ የምታዩት ይህንን ቁጥር ነው። በ2 ሞላር ሰልፌት ምትክ 3 ሞላር ዚንክ ትራይፍሌት መጠቀም ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ጥቂት ኢቲሊን ግላይኮል ወይም ዲኤምኤስኦ መጨመር በዚንክ አዮን ዙሪያ ያለውን ውሃ በከፊል ይተካል፤ ሲበዛ ፈሳሹ ይወፍርና በብርድ ጊዜ ሴሉ ይሰንፋል፣ የእናንተ ከተማ ደግሞ ብርድ አታጣም።

ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር

*ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በሁለት ኤሌክትሮን በግራም 616 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይሰጣል ይባላል። ለምን አንጠቀምበትም?*

በአልካላይን ውስጥ በ1980ዎቹ የፎርድ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቢስሙዝ የተቀላቀለበት ማንጋኒዝ ሁለቱን ኤሌክትሮን ደጋግሞ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። በ2017 የኒው ዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቢስሙዝና መዳብ ያለበትን በርኔሳይት (ንጣፍ ንጣፍ የሆነ የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ዓይነት) ተጠቅሞ ወደ 617 አካባቢ ደርሶ ከ6000 ዙር በላይ አዙሮታል። መዳቡ መተላለፊያ ይሆናል፣ ቢስሙዙ የሟሟው ማንጋኒዝ ወደማይመለሰው ሃውስማናይት እንዳይለወጥ ይከላከላል። እንቅፋቱ ዚንኩ ነው። ዚንክ በአልካላይን ውስጥ ዚንኬት ሆኖ ይሟሟል፣ ወደ ካቶዱ ሲደርስ ሄቴሮላይት ይሆናል። ስለዚህ በመካከል ዚንኬቱን የሚይዝ የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ንጣፍ ይደረጋል። የአሲዱ መንገድ በተቃራኒው ማንጋኒዙን ሙሉ በሙሉ ማሟሟትና መልሶ መለጠፍ ነው፤ 2 ቮልት ያህል ያስገኛል፣ ግን አሲድ ባለበት ዚንክ አያድርም። ልዩ ሴፓሬተር ከሌለዎት አይጀምሩት።

ከደጀን፣ የሶላር ዕቃ ነጋዴ

*ለቤት ሶላር በእርሳስ ባትሪ ምትክ ዚንክ ባትሪ ላስመጣ?*

ከሻጩ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የተባለው ዙር በምን ያህል ጥልቀት ማራገፍ ነው፣ ቻርጅ ማቆሚያው ስንት ቮልት ነው። እነዚህን ካልመለሰ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዚንክና ማንጋኒዝ በዝግታ የሚወጣ ኃይል ይስማማዋል፣ እሳት አይነሳበትም፤ ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ተቆጣጣሪዎ አይገጥመውም። ለአሁኑ ለደንበኛ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሻለ ነው።

ከእንጅባራ፣ የኬሚስትሪ መምህርት

*ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚሠሩት የሚሞላ ሴል ብትጠቁሙኝ።*

ፈሳሹን ቀለል አድርገው ዚንክ ሰልፌቱን 1 ሞላር ያድርጉት፦ ለ50 ሚሊ ሊትር 14.4 ግራም ባለ ሰባት ውሃ ዚንክ ሰልፌት፣ 0.85 ግራም ባለ አንድ ውሃ ማንጋኒዝ ሰልፌት። ዚንክ ካርቦን የሆነ አዲስ ትልቅ ድንጋይ እርስዎ ራስዎ ይክፈቱ፤ አልካላይንና ሊቲየም በፍጹም አይከፈቱም፣ አንዱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሌላው ይነዳል። ጥቁሩን ዱቄት በውሃ አራት አምስት ጊዜ አጥበው፣ አዝቅጠው፣ ያድርቁ፤ አሞኒየም ወይም ዚንክ ክሎራይዱ መውጣት አለበት። 5 ግራሙን በፈሳሹ ለውሰው በጥቁሩ የካርቦን ዘንግ ዙሪያ በቀጭን ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በክር ይሰሩ። የድንጋዩን ዚንክ ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው በሻይ ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ያጠጋጉ፣ ጥቅሉን መሐል ያቁሙ። የአዞ አፍ መቆንጠጫው ፈሳሹን እንዳይነካ፤ ከነካ ብረቱ ይሟሟና ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል።

በ100 ኦም ያራግፉ፣ በየ10 ደቂቃው ቮልቴጁን ያስመዝግቡ፣ 1.0 ላይ ያቁሙ። ለመሙላት የስልክ ቻርጀር 5 ቮልቱን ኤልኤም 317 በተባለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ዝቅ ያድርጉት፤ 120 እና 51 ኦም ሬዚስተር ሲገጠሙበት 1.78 ቮልት ይሰጣል። በተከታታይ 47 ኦም ያስገቡ፣ ሲጀምር 12 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሄዳል። ሲሞላ ከዚንኩ ላይ አረፋ በብዛት ከወጣ ቮልቴጁ አልፏል ወይም ዚንኩ አልጸዳም። ያገለገለውን ፈሳሽ ወደ ወንዝ አይድፉት፤ ዚንክ ዓሣ ይገድላል። ሶዳ አሽ ጨምረው ነጩን ዝቃጭ ያጥልሉና ለይተው ያስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሴሉን ወዲያው ይንቀሉት፤ የሞላው ሁሉ በሁለቱ ሬዚስተሮች በኩል ወደኋላ ይፈሳል።